የተነካካ ኮምፒዩተር፦ ለተርቦ መኪና ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሚደረግ ምርመራ

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛዬ በገዛው በሦስተኛው ሳምንት ተርቦ ናፍጣ ፒክአፑን አስጎትቶ አዳማ ያለው ጋራዣችን በር ላይ አቆመው። ወደ አሰላ ሲሄድ ደራን አልፎ ዳገቱን እንደጀመረ ተርቦው (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚነፋው ዕቃ) ጮኸ፣ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀ፣ ጉልበቱ ጠፋ። «ጋሼ፣ ስገዛው እኮ እንደ ጥይት ነበር» አለኝ። ተርቦውን ስናወርደው ዘንጉ ተቆርጧል። ሽቦውን ስከታተል ደግሞ ከቡስት ሴንሰሩ (ተርቦው የሚነፋውን ግፊት ከሚለካው) እና ከናፍጣ ግፊት ሴንሰሩ ተነስቶ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ከባትሪው ጀርባ የሚገባ መስመር አገኘሁ። ጫፉ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ሳጥን አለች።

ያንን መኪና ከመግዛቱ በፊት ያየሁለት እኔ ነበርኩ። ዘይቱን፣ ኮምፕሬሽኑን፣ ሻንሲውን፣ የግጭት ምልክቱን አይቼ «ግዛው» ብዬዋለሁ። ኮምፒዩተሩን አላየሁም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንደዚያ እንዳይጎዳ ነው።

ነገሩ አሁን ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ፣ እዚሁ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ያስጫነውን ሦስተኛው አያውቅም፤ ደላላውም አያውቅም። ሻጩ ሳይዋሽ ገዢው ሊታለል ይችላል።

ምን ዓይነት ነገር ነው የምንፈልገው?

የተርቦ መኪና ኮምፒዩተር ስንት ነዳጅ እንደሚረጭ፣ መቼ እንደሚረጭ፣ ተርቦው እስከ ስንት ግፊት እንደሚነፋ የሚወስነው በውስጡ ባለ ፋይል ነው። ሰዎች ይህን በሦስት መንገድ ይለውጡታል። አንደኛው ሪማፕ ነው፦ ፋይሉ በምርመራ ሶኬቱ በኩል ተነብቦ፣ ተለውጦ ይመለሳል፤ ከውጭ ምንም ምልክት አይተውም። ሁለተኛው ኮምፒዩተሩ ከመኪናው ወርዶ፣ አንዳንዴም ተከፍቶ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚጻፍበት ነው፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ዱካ አለው። ሦስተኛው በሴንሰሩና በኮምፒዩተሩ መካከል የሚገባ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ፋይሉን አይነካም፤ ለኮምፒዩተሩ የውሸት ቁጥር ይነግረዋል። ግፊቱ ዝቅ ያለ መስሎት ኮምፒዩተሩ ይጨምራል።

ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ላይ የምትሰካ ትንሽ ሳጥንም አለች። እሷ የፔዳሉን ስሜት ታፈጥናለች እንጂ የሞተሩን ጉልበት አትጨምርም፤ ካገኛችኋት አትደንግጡ፣ ንቀሏትና መኪናውን ያለሷ ሞክሩት። ዋን ኤችዲቲ የሚባል ሞተር እንዳላቸው የድሮ ላንድክሩዘሮች በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ ተርቦ ናፍጣ ከሆነ ደግሞ ነዳጁን የሚወስን ኮምፒዩተር ስለሌለው ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው አይመለከተውም። እዚያ የሚፈለገው የፓምፑ ብሎን ላይ ያለው የፋብሪካ ማኅተም ተሰብሮ እንደሆነ ነው።

ከፍታው ለምን ዋና ጉዳይ ሆነ

ጉልበት መጨመር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በልክ ተሠርቶ ዓመታት የሚያገለግል አለ። የእኛ አገር ችግር ሌላ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተነካክቶ የመጣ መኪና ፋይሉ የተጻፈለት ለባሕር ጠለል አየር ነው። ቤንዚን ከሆነ ምናልባት ዱባይ ማደያ «ሱፐር» ለሚባለው ባለ 98 ኦክቴን ነዳጅ ነው። እኛ ጋ ግን 98ን መርጦ የሚቀዳ የለም።

ቁጥሩን እንየው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ከ82 እስከ 84 ታሳያለች፤ አዲስ አበባ 76 አካባቢ። ፋይሉ ሞተሩ ውስጥ 220 ኪሎፓስካል ይግባ ካለ፣ ተርቦው ጠረፍ ላይ አየሩን 2.2 እጥፍ ያምቃል። አዳማ ላይ ለዚያው 220 ከ2.6 እጥፍ በላይ፣ አዲስ አበባ ላይ 2.9 እጥፍ ማመቅ አለበት። ይህን የሚያደርገው በፍጥነት በመሽከርከር ብቻ ነው። የፋብሪካው ፋይል ከፍታውን አይቶ «በቃ» የሚልበት ገደብ አለው። ብዙ ጊዜ ሪማፕ የሚያነሳው ወይም የሚያላላው ያንን ገደብ ነው፤ ሳጥን ደግሞ ገደቡን ጭራሽ አያውቀውም። ዱባይ ላይ ሰላም የነበረ ተርቦ እዚህ ዳገት ላይ የሚያልቀው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

አንደኛ፦ መኪናውን ሳታዩ ቁጥሩን እወቁ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ተቀበሉና የዚያ ሞተር የፋብሪካ ጉልበት ስንት እንደሆነ አግኙ። «1.4 ተርቦ» ማለት አይበቃም። ስድስተኛው ትውልድ ጎልፍ 1.4 ባለ 122 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ባለ 160ም አለው፤ ሁለተኛው ከተርቦው ሌላ በቀበቶ የሚዞር ሱፐርቻርጀር ተጨምሮበታል። የሞተር ኮዱን ሳታውቁ ብትለኩ ጤነኛውን «ተነካክቷል» ልትሉት ትችላላችሁ።

ከቻላችሁ መንትያ ፈልጉ። ተመሳሳይ ዓመት፣ ተመሳሳይ ሞተር፣ ያልተነካ መሆኑን የምታምኑት የወዳጅ መኪና። በስካነር (በምርመራ ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ ኮምፒዩተሩን በሚያነብ መሣሪያ) የምታነቡት ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከመንትያው ጎን ሲቀመጥ ግን ይናገራል። አዳማ ላይ ፒክአፕና ፕራዶ የሌለበት ሰፈር ስለሌለ መንትያ ማግኘት ከሚመስለው ይቀልላል።

ሻጩንም በግልጽ ጠይቁት። «ተነካክቷል ወይ?» ስትሉት «ኧረ በፍጹም» ይላል። «ጋሼ፣ ጉልበቱን ያሠራኸው የት ነው? ጥሩ ነው አሉኝ» ብትሉት ግን ብዙ ጊዜ በኩራት ይነግራችኋል። ይህ ማታለል እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ያወጣበትን ገንዘብ እንደ ጥሩ ነገር ነው የሚያየው።

ሁለተኛ፦ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ኮፈኑን ክፈቱ

ቀጠሮውን ጠዋት አንድ ሰዓት አድርጉት፣ መኪናውንም እንዳያስነሱት ለምኑ። የቀዘቀዘ ሞተር ላይ እጅ ያለ ፍርሃት ይገባል፤ ከፀሐዩ በፊትም ዓይን ይሠራል። ባትሪ መብራት ያዙ።

መጀመሪያ ሦስት ሴንሰሮችን ፈልጉ። ናፍጣ ከሆነ ናፍጣውን ለሚረጩት ኢንጄክተሮች የሚያከፋፍለው ወፍራም የብረት ቧንቧ ጫፍ ላይ ያለውን የግፊት ሴንሰር፤ ከኢንተርኩለሩ (የታመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) በኋላ በአየር ቧንቧው ወይም በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው) ላይ ያለውን የቡስት ሴንሰር፤ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለውን የአየር መጠን ሴንሰር። ከእያንዳንዱ ሶኬት የሚወጣውን ሽቦ በጣታችሁ ተከተሉት። የፋብሪካ ሽቦ በአንድ ዓይነት ሽፋን ወይም በጨርቅ ናስትሮ እስከ ዋናው ጥቅል ይሄዳል። መሀል ላይ ሌላ ሶኬት ከተገናኘ፣ ናስትሮው የሚያብረቀርቅና አዲስ ከሆነ፣ ወይም ቅርንጫፉ ወደ ባትሪው ወይም ሞተሩን ከመቀመጫው ወደሚለየው ላሜራ ከታጠፈ ቆም በሉ። ሳጥን ባይኖርም እንኳ ሽቦ ላይ የተበየደች ተራ ሬዚስተር ሆና ትገኝ ይሆናል፤ ርካሹ ሥራ እሷ ናት።

ብልጥ ሻጭ ሳጥኑን ነቅሎ ያመጣል። ስለዚህ ዱካውንም ፈልጉ። ዙሪያው ሁሉ በአዳማ አቧራ ተሸፍኖ አንድ የሴንሰር ሶኬት ብቻ ንጹሕ ከሆነ በቅርቡ ተነቅሏል ማለት ነው። የሶኬቱ መቆለፊያ ምላስ የተሰበረ እንደሆነ፣ ምንም የማይዝ የፕላስቲክ ማሰሪያ ላሜራው ላይ የቀረ እንደሆነ፣ ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ አራት ማዕዘን ቅርጹን ትቶ እንደሆነ እዩ። አቧራው በሌላ ጊዜ ጠላታችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን ምስክር ሆኖ ይቆምላችኋል።

ዙሪያውን ስታዩ ሌሎች የተለወጡ ዕቃዎችንም መዝግቡ፦ ከፋብሪካው የሚበልጥ ኢንተርኩለር፣ የሰፋ የጭስ ቱቦና የተለወጠ ማርሚታ፣ የፊት መስታወቱ ዳር የቡስት ጌጅ (መለኪያ) የተተከለበት ቀዳዳ፣ ናፍጣ ላይ ኢጂአሩን (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን መስመር) የዘጋ የብረት ሳህን። አንዳቸውም ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም። ኢጂአር መዝጋት ብቻውን የሚሠሩት ብዙ ናቸው። ግን ኢጂአሩ በብረት ተዘግቶ የቼክ ኢንጂን መብራት ካልበራ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ኮምፒዩተሩ ለምን ዝም አለ? እንዲህ ያለውን ብልሽት አይቶ ዝም እንዲል በሶፍትዌር የታዘዘ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፦ የኮምፒዩተሩ ቆርቆሮ ምን ይላል

አንዳንዱ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ከባትሪው አጠገብ፣ አንዳንዱ በተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ ነው። ቆርቆሮው የተገናኘበትን ጠርዝ ዙሩት። የፋብሪካ ማጣበቂያ ቀጥ ያለና አንድ ወጥ ነው፤ ተከፍቶ የተዘጋ ግን ወደ ውጭ የፈሰሰ ጥቁር ሲሊኮን፣ የካቻቢቴ ጭረት፣ የተጣመመ ጠርዝ ይኖረዋል። በአንዳንድ የአውሮፓ መኪኖች ኮምፒዩተሩ ሲታሰር ጭንቅላታቸው በሚቆረጥ ቡሎኖች ይያዛል፤ እነሱ ተፈትተው በተራ ቡሎን ከተተኩ አንድ ሰው አውርዶታል። ስቲከሩ ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር ከመኪናው ጋር ይሄድ እንደሆነም አጣሩ። የሌላ ሞተር ኮምፒዩተር የተገጠመበትን መኪና በዓይኔ አይቻለሁ።

ንጹሕ ቆርቆሮ ግን ምንም አያረጋግጥም። በሶኬቱ በኩል የተሠራው እዚህ አይታይም፤ ለእሱ ስካነር ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ ስካነሩን ስካ፣ ግን ስህተት ኮድ ብቻ አታንብ

አብዛኛው መካኒክ ኮድ ያነባል፣ «ንጹሕ ነው» ይላል፣ ይነቅላል። ኮድ በአንድ ቁልፍ ይጠፋል። ኮዱ ከተሰረዘ በኋላ መኪናው ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ የሚያሳየውን መስመር ፈልጉ። 6 ኪሎሜትር ካለ፣ ዛሬ ጠዋት ወደ እናንተ ሲመጣ ተሰርዟል። ሬዲነስ ሞኒተር የሚባሉት የራስ ምርመራዎችም «አልተጠናቀቀም» ካሉ ያው ነው። ነገር ግን መኪናው ብዙ መቶ ኪሎሜትር ሄዶ አንድ የጭስ ነክ ሞኒተር ብቻ ሁሌ ሳይጠናቀቅ ከቀረ፣ ያ ክፍል በሶፍትዌር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ አብሩና የማኒፎልድ ግፊትንና የአየር ግፊትን ጎን ለጎን አንብቡ። ተርቦው ስላልዞረ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው፤ አዳማ ላይ 83 አካባቢ። ባሮሜትር ያለው ስልክ ካላችሁ 830 ሄክቶፓስካል ገደማ ያሳያችኋል። የአየር ንብረት መተግበሪያዎችን ግን አትመኑ፤ ብዙዎቹ ወደ ባሕር ጠለል አስተካክለው 1,015 ምናምን ይላሉ። ማኒፎልዱ በብዙ ቁጥር ዝቅ ካለ ወይ ሴንሰሩ ታሟል፣ ወይ መሀል ላይ የሚዋሽ አለ። አንዳንድ ሳጥኖች ዝቅተኛ ግፊት ላይ እውነቱን ስለሚያሳልፉ እኩል መሆኑ ነፃ አያወጣም።

ከዚያ የተሽከርካሪ መረጃ የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ሦስት ነገር ይኖራል፦ የሻንሲ ቁጥር፣ ካሊብሬሽን አይዲ፣ ሲቪኤን። አይዲው የፋይሉ ስም ነው። ሲቪኤን ፋይሉ በሙሉ በስሌት ተጨምቆ የወጣ ቁጥር ስለሆነ ከውስጡ አንድ ነገር ቢለወጥ እሱም ይለወጣል። ከመንትያው ጋር አይዲው አንድ ሆኖ ሲቪኤኑ ከተለየ፣ በዚያ ስም የሌላ ሰው እጅ ያለበት ፋይል ተቀምጧል፤ ይህ ከማውቃቸው ሁሉ ጠንካራው ምልክት ነው። አይዲው ራሱ ከተለየ ግን አትቸኩሉ፤ አከፋፋዩ ሶፍትዌሩን አድሶት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ከሆኑም ሙሉ ዋስትና አይደለም፤ የሠለጠነ ሰው የድሮውን ቁጥር እንዲያሳይ ማድረግ ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩ ላሜራው ላይ ከተቀረጸው ጋር ካልገጠመ ምክንያቱን ሳትሰሙ ቀብድ አትክፈሉ።

ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የተሠሩ ብዙ ናፍጣዎች ይህን ገጽ በተራ ስካነር አይሰጡም። ኢኤልኤም 327 የሚባሉት ርካሽ የብሉቱዝ ስካነሮች ግልባጮችም ግማሹን ጥያቄ አይመልሱም። የአምራቹን የራሱን ፕሮግራም የያዘ መካኒክ ፈልጉ፤ በአንዳንድ የጀርመን መኪኖች ኮምፒዩተሩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት የሚቆጥር መስመር ስላለ እሱንም ያነብላችኋል።

አምስተኛ፦ ዳገት

ከአዳማ ሆነን ዕድለኞች ነን፤ ከመልካሳ በኋላ ደራን አልፎ ወደ ኢተያ የሚወጣው ዳገት ሞተርን ያለ ከፍተኛ ፍጥነት ሙሉ ጭነት ላይ ያስቀምጠዋል። ፈጣን መንገዱ ላይ አትሞክሩ፤ እዚያ ፍጥነት ብቻ ነው የምታገኙት። ሁለት ሰው ይሁን፤ አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ስካነሩን ያስቀዳ። መንገዱ ነፃ ሲሆን ብቻ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ከ1,500 ዙር ጀምራችሁ እስከ 3,500 ሙሉ ነዳጅ ስጡ። ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ቡስት የታዘዘውና የተገኘው፣ የናፍጣ ግፊት የታዘዘውና የተገኘው፣ የአየር መጠን በግራም በሰከንድ፣ የአየር ሙቀት፣ ቤንዚን ከሆነ የእሳት ጊዜ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት)፤ እነዚህን አስቀዱ። ለቤንዚን ተርቦ የምጠቀምበት ግምታዊ ስሌት አለ፦ ከፍተኛውን የአየር መጠን ለ0.8 ስታካፍሉት ወደ ፈረስ ጉልበቱ ይጠጋል። ባለ 122ቱ ጎልፍ 98 አካባቢ ላይ መቆም አለበት፤ 140 ካሳየ ወደ 175 ፈረስ ነው፣ ያ ጉልበት ደግሞ ከፋብሪካ አልመጣም። ናፍጣ ሁልጊዜ ትርፍ አየር ስለሚስብ ይህ ስሌት ለእሱ አይሠራም፤ ከመንትያው ጋር ብቻ አወዳድሩ። ሌላው ልብ በሉልኝ፦ ያልተነካ ተርቦ በእኛ ከፍታ ከፋብሪካው ቁጥር እኩል ወይም ዝቅ ይላል። ከፋብሪካው በግልጽ ከበለጠ ጥርጣሬው ተገቢ ነው።

ጥቁር ጭስ ካያችሁ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጡ። የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ከተማ ነው፤ ንፋሱ በሚያመጣው አቧራ የታፈነ ፊልትሮም ያጨሳል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ከባድ ጭስ ከወጣ ነዳጁ በዝቷል። ዙሩ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው፤ የተጨመረ ጉልበት ቶሎ ከሚጨርሳቸው ዕቃዎች አንዱ እሱ ነው።

እዚህ ላይ የደንበኛዬን መኪና ሊያድን ይችል የነበረውን ነገር ልንገራችሁ። ሳጥን ካለ ስካነሩ የሚያሳያችሁ ሳጥኑ ለኮምፒዩተሩ የነገረውን ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። የሚያጋልጠው ከኮምፒዩተሩ ጋር የማይገናኝ ተራ ሜካኒካል የቡስት ጌጅ ነው። ወደ ማኒፎልዱ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ላይ በቲ ቅርጽ ማገናኛ አስገቡትና ዳገቱን ድገሙት። ጌጁ ከውጭ አየር በላይ ያለውን ነው የሚያሳየው፤ 1.5 ባር ካለ 150 ነው፣ የአዳማን 83 ስትደምሩ 233 ኪሎፓስካል። ወደ ኢተያ ስትጠጉ 83ቱ ስለሚቀንስ በዚያው ቦታ ያለውን የአየር ግፊት ደምሩ። በዚያው ቅጽበት ስካነሩ 200 ካለ ሠላሳ ሦስት ኪሎፓስካል የት ገባ? አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በብዙ ስካነሮች ተራው የማኒፎልድ ግፊት መስመር ከ255 በላይ መቁጠር አይችልም። ቁጥሩ 255 ላይ ተጣብቆ ከቆመ እውነተኛው ከዚያ በላይ ነው።

ስድስተኛ፦ ካገኛችሁ በኋላ

መኪናውን መተው አንዱ አማራጭ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አያስፈልግም። ተርቦው ዘንጉ ወደ ጎን የማይንቀሳቀስ፣ ኮምፕሬሽኑ እኩል፣ የኢንጄክተሮቹ መላሽ ናፍጣ የተመጣጠነ ከሆነ የተርቦና የፍሪሲዮን ዋጋ አስልታችሁ ከመኪናው ዋጋ ላይ ተደራደሩ። በውሉ ላይም «የሞተሩ ኮምፒዩተር ከፋብሪካ ቅንብሩ መለወጡን ሻጩ አሳውቋል» ወይም «አልተለወጠም ብሏል» የሚል አንድ መስመር አስገቡ።

ሳጥን ከሆነ ነቅሎ ሶኬቱን መመለስ ነው። ፋይል ከሆነ ግን የፋብሪካውን ከመጫናችሁ በፊት አሁን ያለው እንዲነበብና እንዲቀመጥ አድርጉ። የተለወጠው ፋይል ከተለወጠ ዕቃ ጋር የተጣመረ ሊሆን ይችላል፦ ኢጂአሩ በብረት እንደተዘጋ የፋብሪካው ፋይል ቢመለስ ቼክ ኢንጂን ይበራል፣ መኪናው ጉልበቱን ይቆርጣል። ኢንጄክተሮቹ በትልቅ ተተክተው ከሆነ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። መጀመሪያ ዕቃው፣ ከዚያ ፋይሉ። ሲጻፍ ባትሪው ላይ ቻርጀር ይኑር፤ መሀል ላይ ቮልቴጁ ቢወድቅ ኮምፒዩተሩ ላይነሳ ይችላል።

ከዚያ ጌጁንና ስካነሩን ይዛችሁ ወደ ደራ ተመለሱና በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ ድገሙት። የደንበኛዬን ፒክአፕ ሳጥኗን አውጥተን፣ ሽቦውን እንደ ፋብሪካው በይደን፣ ሌላ ተርቦ ከገጠምንለት በኋላ ያደረግነው ይህንን ነው። ጌጁ ላይ ዳገቱ ያለው የአየር ግፊት ሲደመርበት ከስካነሩ ጋር በሦስት ኪሎፓስካል ብቻ ተለያዩ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ሊብሬው ውስጥ አስቀመጥኩለት፤ ወደፊት ጉልበቱ ቢለወጥ የሚነጻጸርበት ያ ነው።